ምድርን እንደ አንድ አካል ስለ መረመረው ስለ አልዶ ሌኦፖልድ ሕይወትና ሥራ

ሊቃውንት ፍጥረትን የሚመረምሩበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ነገሩን በየክፍሉ ለያይቶ መመርመር ነው፤ አንዱ ሊቅ አፈሩን ብቻ፣ አንዱ ዛፉን ብቻ፣ አንዱ ውሃውን ብቻ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ይመራመራል። ከዚህ መንገድ የተገኘው ጥቅም እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ማንም ሊንቀው አይገባም። ሁለተኛው መንገድ ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተገናኝተው ሲኖሩ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን፣ አንዱ በጐደለ ጊዜም በሌላው ላይ የሚመጣውን መመርመር ነው። ይህን የሚመረምረው ዕውቀት ኤኮሎጂ ይባላል። ነገርን በሙሉነቱ ለማየት የሚደክመውን ትምህርት ሁሉ ደግሞ ሆሊስቲክ ይሉታል፤ ቃሉ ሆሎስ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ሙሉ ማለት ነው፤ ስሙን በ1926 በመጽሐፉ ያወጣው የደቡብ አፍሪቃው ጄኔራል ያን ስመትስ ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን ተማሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል ብቻውን ተነጥሎ ቢፈታ ምሥጢሩ እንደማይገኝ ያውቃል፤ ምሥጢሩ የሚገኘው ቃሉ ከፊቱና ከኋላው ካለው ቃል ጋር ሲገጥም ነው። አልዶ ሌኦፖልድ የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅም ተራራንና ሸለቆን እንዲሁ አድርጎ ማንበብ የተማረ ሰው ነው። ነገር ግን ይህን ማንበብ ከትምህርት ቤት ይዞት አልወጣም፤ አርባ ዓመት ያህል በምድር ላይ ከሠራው ሥራና በዓይኑ ካየው ጥፋት ቀስ በቀስ ያገኘው ነው። በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠረ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሌኦፖልድ ጥር 11 ቀን 1887 በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት፣ ሚሲሲፒ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ ዳር ባለች በርሊንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ዘራቸው ከጀርመን የመጣ ነበሩ፤ በቤታቸውም የሚነገረው ቋንቋ ጀርመንኛ ነበር። አባቱ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚሠራ ፋብሪካ ባለቤት ሲሆን፣ አደን እጅግ የሚወድ ሰው ነበረ። ዳሩ ግን የውሃ ወፎች በሚራቡበት በጸደይ ወራት ወፍ መግደል ዘራቸውን እንደሚያጠፋ ስላስተዋለ፣ ሕግ ሳይከለክለው ራሱን ከልክሎ ተወው። ልጁን ይዞ በረግረጉ ዳር በሄደ ቍጥርም ጠብመንጃ መተኮስን ብቻ ሳይሆን የእንስሳን ዱካ ማየትን፣ የበሰበሰ ግንድ ገልብጦ በውስጡ የሚኖረውን መመልከትን ያስተምረው ነበር።

ልጁም ባደገ ጊዜ ዬል በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የደን ትምህርት ተማረ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ይህ ትምህርት ገና አዲስ ነበር፤ የዬል የደን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ነውና። ትምህርቱም በአጭሩ ቢነገር፣ ደን የእንጨት አዝመራ ነው፤ እንደ ስንዴ ሊዘራ፣ ሊጠበቅና በጊዜው ሊታጨድ ይገባዋል የሚል ነበር። ሌኦፖልድ በ1909 ተመርቆ ወጣና በ22 ዓመቱ የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ወደ አሪዞና ተላከ። አሪዞና በዚያን ጊዜ ገና ራሱን የቻለ ግዛት ሆኖ አልተቈጠረም ነበር፤ መንገዱ የፈረስና የበቅሎ መንገድ፣ ሕዝቡም አብዛኛው ከብት አርቢ ነበረ። የተሰጠው ሥራ አፓች በሚባለው ደን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር እየዞረ ዛፉን መቍጠርና መለካት ነበር።

በዚሁ በ1909 ዓመት፣ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር በገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ፣ ከታች ወንዙን የሚሻገር እንስሳ አዩ። በመጀመሪያ እንስት አጋዘን መሰላቸው፤ ወደ እነርሱ ማዶ ወጥታ ራሷን ባራገፈች ጊዜ ግን ተኵላ ሆነች። ያደጉ ቡችሎቿም ከቍጥቋጦው ወጥተው እየዘለሉ ተቀበሏት። በዚያ ዘመን ተኵላ አይቶ ሳይተኵስ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ጠብመንጃቸውን አንሥተው ጥይታቸው እስኪያልቅ ድረስ ተኰሱ። ወርደው በደረሱ ጊዜ አሮጊቷ ተኵላ ገና አልሞተችም ነበር፤ ሌኦፖልድም በዓይኗ ውስጥ አረንጓዴ እሳት የሚመስል ብርሃን ሲጠፋ አየ። እርሱ ግን በዚያን ጊዜ የሚያስበው፣ ተኵላ ሲያንስ አጋዘን ይበዛል፤ ተኵላ ፈጽሞ ሲጠፋማ አገሩ ለአዳኝ ገነት ይሆናል ብሎ ነበር።

ይህን ታሪክ ሌኦፖልድ የጻፈው ከ35 ዓመት በኋላ በ1944 ነው። ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው ሊቁ በዚያው ቅጽበት ልቡ የተመለሰ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ አሥር ዓመት ያህል እየዞረ ንግግር በማድረግ፣ በጋዜጣም በመጻፍ፣ በኒው ሜክሲኮ ያሉት ተኵላና የተራራ አንበሳ የሚሉት ድመት መሰል አውሬ እስከ መጨረሻው እንዲገደሉ ከሚከራከሩት ሰዎች ዋናው እርሱ ነበር። የከብት ባለቤቶችንና አዳኞችን በአንድ ሐሳብ ያስተባበራቸውም ይህ ክርክሩ ነው። የከብት ባለቤት በተኵላ ላይ የሚያቀርበው ክስ እውነተኛ ስለ ሆነ፣ ማንም የሚቃወመው አልነበረም።

ሐሳቡን ያናወጠው መጀመሪያ አፈሩ ነው እንጂ ተኵላው አይደለም። በ1913 ከብርድና ከዝናብ የተነሣ ጽኑ የኵላሊት በሽታ አግኝቶት ከሞት አፋፍ ከተመለሰ በኋላ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ በቤት ተቀመጠ። በጥቅምት 1912 ያገባት ኤስቴላ በርዤር አስታመመችው፤ በኋላም አምስት ልጆች ወለዱ። ወደ ሥራው ተመልሶ ደረጃው ከፍ ባለ ጊዜ፣ የአሪዞናንና የኒው ሜክሲኮን ደኖች በተርታ እየዞረ እንዲመረምር ተሾመ። በየሄደበትም ሸለቆ አንድ ዓይነት ጥፋት አየ። በወንዙ ዳር የነበረው ለም መሬት በጎርፍ እየተናደ ሄዷል፤ ሣር የነበረበት ሜዳ በቦረቦር ተሰነጣጥቋል፤ ብሉ በሚባለው ወንዝ ዳር የሰፈሩትም ገበሬዎች ከሚያርሱት መሬት አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ ታጥቦ ስለ ሄደ አገሩን እየለቀቁ ተሰደዱ።

የዝናቡ መጠን ግን አልተለወጠም ነበር። ታዲያ የተለወጠው ምንድር ነው ብሎ ሌኦፖልድ መረመረ። ያገኘውም ይህ ነው። ቍልቍለቱ ሣር ለብሶ በነበረ ጊዜ የዝናቡ ጠብታ ሣሩን እንጂ አፈሩን አይመታም ነበር፤ ውሃውም በሣሩ መካከል እየተጓተተ ሲወርድ አብዛኛው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የሰረገውም ውሃ በበጋ ወራት በምንጭ ይወጣል፤ የሣሩም ሥር አፈሩን እንደ ስፌት ይዞታል። ከብቱ ከመጠን በላይ በዝቶ ሣሩን እስከ ሥሩ በጋጠው ጊዜ ግን ያው ዝናብ ባዶውን መሬት ይመታዋል፤ ውሃው ሳይሰርግ ይሮጣል፤ የሮጠውም ውሃ ከብቶች በሚመላለሱበት ዱካ ገብቶ መጀመሪያ ክንድ የምታህል ቦይ ይቈፍራል፤ ቦይዋም በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላች ትሄድና ሰው የማይሻገራት ቦረቦር ትሆናለች። ቦረቦሩ ከጠለቀ በኋላ በመሬት ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እርሱ ስለሚንጠፈጠፍ፣ በሁለቱም ወገን ያለው ሣር ይደርቃል፤ ሣሩ ሲደርቅም ጎርፉ ይብሳል። እንግዲህ ጥፋቱ አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ራሱ ራሱን ይወልዳል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጥፋት ደግሞ የደን ሹም ብቻውን፣ ወይም የግጦሽ ሹም ብቻውን፣ ወይም የመንገድ ሹም ብቻውን ሊያድነው አይችልም፤ ሁሉም በየክፍሉ ሥራውን በደንብ ሠርቷልና፤ መሬቱ ግን ሄዷል።

ሌኦፖልድ በ1923 ስለዚህ ነገር አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ኡስፔንስኪ የሚባለውን የሩስያ ፈላስፋ ሐሳብ ጠቅሶ፣ ምድር እንደ ሙት ዕቃ ሳይሆን ክፍሎቿ እንደ ሰው ብልት እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ሕያው አካል ናት ሊባል ይቻል ይሆናል ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ጽሑፉን በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም፤ የታተመው በ1979 ነው። ከዚህ ይልቅ በግልጥ ያደረገው ሌላ ሥራ ነበር፤ ይኸውም በኒው ሜክሲኮ ጊላ የሚባለው ወንዝ ከሚመነጭበት ዱር 3 መቶ ሺህ ሄክታር ያህሉ መንገድም ሆነ ቤት ሳይሠራበት እንዳለ እንዲጠበቅ የደን መሥሪያ ቤቱን አሳመነ። በ1924 የሆነው ይህ ውሳኔ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ጥበቃ መጀመሪያ ነው።

በዚሁ ዓመት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ተዛውሮ ማዲሰን በምትባለው ከተማ ተቀመጠ። በ1933 ስለ አራዊት አጠባበቅ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዕውቀት በአገሩ የመጀመሪያውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሰጠው። ያን ጊዜ በዚያ ግዛት ኩን ቫሊ በሚባል ሸለቆ አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ገበሬውን አስጨንቆት ስለ ነበረ፣ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲው ከገበሬዎቹ ጋር ተስማምተው አንድ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ገበሬው ቍልቍለቱን ተከትሎ ወደ ታች ያርስ ነበር፤ አሁን ግን አግድም ማረስ ጀመረ፤ በእህሉም መካከል መደብ መደብ እያደረገ ሣር ተወ፤ ገደል ያለበትን ዱር ከብት እንዳይገባበት አጠረ፤ ቦረቦሩንም በድንጋይና በእንጨት ደፈነ። ሌኦፖልድ ከአማካሪዎቹ አንዱ ነበር፤ የወደደውም ነገር እያንዳንዱ ገበሬ እርሻውን፣ ግጦሹን፣ ዱሩንና ወንዙን አንድ ላይ አስቦ እንዲሠራ መደረጉን ነው።

ሐሳቡን ፈጽሞ ያጸናለት ግን ሁለት የሩቅ አገር መንገድ ነው። የመጀመሪያው በ1935 ወደ ጀርመን የሄደበት ነው። ጀርመኖች በደን ትምህርት የዓለም መምህራን ነበሩ፤ እርሱ በዬል የተማረውም ትምህርት ከእነርሱ የመጣ ነው። ሦስት ወር ያህል በደናቸው በዞረ ጊዜ ያየው ነገር ግን አሳዘነው። ዱሮ ልዩ ልዩ ዛፍ የበቀለበትን ዱር ቈርጠው፣ ቶሎ የሚያድገውንና ብዙ ገንዘብ የሚያወጣውን ስፕሩስ የሚባል የጥድ ወገን ብቻ በመስመር ተክለውታል። ከዛፉ ሥር ሣርም ቍጥቋጦም አበባም የለም፤ የረገፈው የጥድ ቅጠል ሳይበሰብስ ተከምሮ አፈሩን አኮምጥጦታል፤ በሁለተኛው ትውልድ የተተከለውም ዛፍ እንደ ፊተኛው አላደገም። ተኵላና ድብ ከጠፉ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ አጋዘኑ ከልክ በላይ በዝቷል፤ የሚበላውም ስላጣ በክረምት ድርቆሽ ይሰጡታል፤ ችግኙን እንዳይበላ ደግሞ በአጥር ይከለክሉታል። እንጨቱ ሞልቷል፤ አጋዘኑም ሞልቷል፤ ነገር ግን ዱር የሚባለው ነገር በመካከላቸው የለም።

ሁለተኛው መንገድ በ1936ና በ1937 በሜክሲኮ አገር፣ ሪዮ ጋቪላን ወደሚባለው ወንዝ ያደረገው ጕዞ ነው። ይህ አገር በአሪዞና ካሉት ተራሮች ጋር በዝናብም በድንጋይም በዛፍም አንድ ነው። ይሁን እንጂ የአፓች ሕዝብ ጦረኞች ለብዙ ዘመን ከብት አርቢን ስላላስገቡ፣ ምድሩ እንደ ጥንቱ ቀርቶ ነበር። ሌኦፖልድ በዚያ በቍልቍለቱ ሁሉ ሣር አየ፤ ወንዙ የጠራ ነው፤ ዓሣ ሞልቶበታል፤ አጋዘኑም ደኅና ብዙ ነው፤ ከአጋዘኑ ጋርም ተኵላውና የተራራ አንበሳው አብረው ይኖራሉ። አጋዘኑን ጨርሰው አልበሉትም፤ አጋዘኑም ዱሩን ጨርሶ አልበላውም። ሌኦፖልድ እስከዚያ ቀን ድረስ ያየው ምድር ሁሉ የታመመ መሆኑን፣ ጤናማ ምድር ምን እንደሚመስልም ያወቀው በዚህ ጊዜ እንደ ሆነ በኋላ ተናግሯል። ሐኪም የጤነኛን ሰው ሰውነት ሳያይ የበሽተኛውን ሊያውቅ እንደማይችል ሁሉ፣ የምድር መርማሪም እንዲሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ያስተማረውን ትምህርት በ1939 በአንድ ንግግር ገለጠ። ምድርን በየደርቡ እንደ ተሠራ ሕንፃ አድርጋችሁ አስቡ። ከሁሉ በታች አፈር አለ፤ በአፈር ላይ ዕፀዋት አሉ፤ በዕፀዋት ላይ እነርሱን የሚበሉ ነፍሳት፤ ከዚያም በላይ ወፎችና አይጦች፣ ሣር በል እንስሳትም፤ ከሁሉ በላይ ሥጋ በል አራዊት አሉ። ዕፀዋት ከፀሐይ የተቀበሉት ኃይል ከደርብ ወደ ደርብ በመብል ይተላለፋል፤ በየደርቡም አብዛኛው ኃይል ስለሚባክን የላይኛው ሁልጊዜ ከታችኛው በቍጥር ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ ተኵላ ለመኖር ብዙ አጋዘን፣ ብዙ አጋዘን ለመኖርም እጅግ ብዙ ቅጠል ያስፈልጋል። የሞተውም ሁሉ በስብሶ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ከዚህ ሕንፃ አንዱ ደርብ በተነሣ ጊዜ ሌላው ወዲያው አይፈርስም፤ ጥፋቱ የሚታየው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ በሌላ ስፍራ ስለሚታይ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር በአሪዞና ካይባብ በሚባል አምባ ላይ ሆኗል። መንግሥት በ1906 አምባውን የአጋዘን መጠበቂያ አድርጎ አደንን ከለከለ፤ ተኵላውንና የተራራ አንበሳውንም በተከፋዮች አስገደለ። አጋዘኑ በዛ፤ ቅጠሉን አፉ እስከሚደርስበት ድረስ በላው፤ በ1924ና በ1925 መካከል በነበረውም ክረምት እጅግ ብዙው በረኀብ አለቀ። በኋላ የመጡ ሊቃውንት የአጋዘኑ ቍጥር በትክክል ተቈጥሮ እንዳልነበረ፣ ለመብዛቱም ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ተከራክረዋል፤ ክርክራቸውም መልካም ነው፤ በግምት የተነገረን ቍጥር እንደ እውነተኛ ቍጥር መያዝ አይገባምና። ዳሩ ግን አጋዘኑ መብዛቱንና ዱሩን ማጥፋቱን ያየው ሰው ብዙ ነው።

ሌኦፖልድም ይህ ነገር በገዛ ግዛቱ በዊስኮንሲን ሲደገም አየ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሰሜኑ ዱር አጋዘን በዝቶ፣ በክረምት በበረዶ መካከል በረኀብ ሲሞት ተገኘ። እርሱም ከዜጎች በተመረጠ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኖ ነገሩን ከመረመረ በኋላ፣ ወንዱ ብቻ ሳይሆን እንስቲቱም እንድትታደን መከረ። ወንዱን ብቻ መግደል መንጋውን አይቀንሰውም፤ የምትወልደው እንስቲቱ ናትና። በ1943 ምክሩ ተፈጸመ፤ ወዲያውም በመላው ግዛት ታላቅ ቍጣ ተነሣ። አዳኞች እንስት አጋዘንን መግደል ነውር ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ስሙን በጋዜጣ አጠፉት፤ እርሱን ለመቃወም ብቻ የምትታተም ጋዜጣም ወጥታ ነበር። ሰውን ስለ አጋዘን ማሳመን ከአጋዘን ይልቅ ከባድ እንደ ሆነ ሳይሰወረው፣ እስኪሞት ድረስ ከዚሁ ሐሳብ አልተመለሰም። ስለ ተኵላይቱ ያለውን ታሪክ የጻፈው በዚህ ክርክር መካከል ነው። በጽሑፉም ውስጥ፣ አጋዘን ተኵላን እየፈራ እንደሚኖር ሁሉ ተራራም አጋዘንን እየፈራ ይኖራል የሚል ምሥጢር አስቀምጧል።

ይህን ሁሉ ሲያስተምር የገዛ እጁን ሥራ አልተወም። በ1935 በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር ያለ፣ ባለቤቱ አርሶ አርሶ ያሟጠጠውን ትቶት የሄደ አሸዋ መሬት ገዛ። ስፋቱ መጀመሪያ 32 ሄክታር ያህል፣ በእኛ አነጋገር አንድ ጋሻ የማይሞላ ነበር። ቤቱ ተቃጥሎ የቀረው አንድ የዶሮ ቤት ብቻ ስለ ነበረ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ፋንድያውን ጠርገው አወጡ፤ ምድጃ ሠርተው የሰንበት ማረፊያ አደረጉት። በየዓመቱም በጸደይ የጥድ ችግኝ ይተክሉ ነበር። በ1936 የተከሉት ከድርቅ የተነሣ ከሞላ ጐደል ሁሉም ደረቀ፤ በሚከተለው ዓመት እንደ ገና ተከሉ። እንዲህ እያሉ እስኪሞት ድረስ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ዛፍ ተከሉ፤ ባዶ የነበረውም ስፍራ ዛሬ ደን ነው። አባታቸውን የተከተሉት አምስቱም ልጆች የፍጥረት መርማሪዎች ሆኑ፤ ከእነርሱም ሦስቱ የአገሩ የሳይንስ አካዳሚ አባል ለመሆን በቅተዋል።

በዚያ በዶሮ ቤቱ ሳለ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ቡና የተፈላበትን ዕቃ፣ ማስታወሻ ደብተሩንና የብርሃን መለኪያውን ይዞ በደጅ ይቀመጥ ነበር፤ የትኛው ወፍ በምን ያህል ብርሃን መጮህ እንደሚጀምር ይጽፋል። በየዓመቱም እያንዳንዱ አበባ የሚፈነዳበትን፣ ወፉ ከስደት የሚመለስበትን፣ በረዶው የሚቀልጥበትን ቀን ይመዘግባል። ይህ ሥራ መሣሪያ የማይጠይቅ ነው፤ በማናቸውም መንደር ያለ ተማሪ፣ ደብተርና እርሳስ ካለው፣ የአደይ አበባን ወይም የዋንዛን አበባ እንዲህ መጻፍ ይችላል። ሌኦፖልድ የአሥር ዓመቱን መዝገብ ከአንዲት ደቀ መዝሙሩ ጋር በ1947 አሳተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኤኮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር።

ልዩ ልዩ ጽሑፉን ሰብስቦ ያዘጋጀው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ሄዶ ተመልሶበት ነበር። በመጨረሻ ሚያዝያ 14 ቀን 1948 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንደሚያትምለት አስታወቀው። ከዚያ በሰባተኛው ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር በዶሮ ቤቱ ሳለ ከጎረቤት እርሻ ጢስ ሲነሣ አየ፤ የሣር ቃጠሎ ነበር። የውሃ መርጫውን አንግቦ እሳቱን ሊያጠፋ በሄደበት ልቡ ቆሞ ሞተ፤ ዕድሜው 61 ዓመት ነበር። መጽሐፉን ልጁ ሉና አሰናድቶ በ1949 አሳተመው። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ሐሳብ፣ ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት የሥነ ምግባር ሕግ አፈሩንም ውሃውንም ዕፀዋቱንም እንስሳቱንም እንዲጨምር የሚጠይቅ ነው፤ ሰው በምድር ላይ አንዱ አባል ነው እንጂ ድል ነሥቶ የያዛት ጌታ አይደለም ይላል። በመጀመሪያ ጥቂት ሰው ብቻ አነበበው፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ተሽጧል፤ በብዙ ቋንቋም ተተርጕሟል።

ተኵላዎቹም ተመለሱ። ሌኦፖልድ በ1944፣ ዬሎውስቶን ወደሚባለው ታላቅ የአራዊት መጠበቂያ ተኵላ ለምን እንዳልተመለሰ ጠይቆ ነበር፤ ከ51 ዓመት በኋላ በ1995 ከካናዳ 14 ተኵላዎች መጥተው ተለቀቁ፤ በሚከተለውም ዓመት 17 ተጨመሩ። ከዚህ በኋላ በአንዳንድ ወንዝ ዳር ተበልቶ ያለቀው ዛፍ እንደ ገና አደገ፤ ከዚህም ምን ያህሉ በተኵላው፣ ምን ያህሉ በሌላ ምክንያት እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በ1998 ደግሞ ከ7 ወላጆች ብቻ በሰው እጅ ከተራቡት የሜክሲኮ ተኵላዎች 11 በአሪዞና ተለቀቁ። የተለቀቁበትም ስፍራ ያው ሌኦፖልድ በ22 ዓመቱ ዛፍ የቈጠረበት፣ ጠብመንጃውንም የተኰሰበት የአፓች ደን ነው። ከብታቸው የተበላባቸው ሰዎች አቤቱታ ዛሬም አልቆመም፤ ካሳ የሚከፈልበትም ደንብ ተሠርቷል።

የአበባውን መዝገብ ልጁ ኒና በ1976 ወደዚያው መሬት ተመልሳ በአባቷ አኳኋን መጻፍ ቀጠለች፤ በ2011 እስክትሞት ድረስም አላቋረጠችም። በ2012 የጸደዩ ሙቀት ከልማድ በላይ በሆነ ጊዜ፣ መርማሪዎች የዚያን ዓመት አበባ ሌኦፖልድ ከ1935 እስከ 1945 ከጻፈው ጋር አስተያዩት፤ አበባዎቹም በአማካይ ሦስት ሳምንት ያህል ቀድመው ፈንድተው ተገኙ።